የደጋ እስስትና የጋሞ ተራሮች ታሪክ

የአንድ አገር ታሪክ ሲጻፍ የንጉሡ፥ የጦሩ፥ የገበያውና የሃይማኖቱ ነገር በቅድሚያ ይነሣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰው በሰፈረበት መሬት ላይ አብረውት የሚኖሩ እንስሳትም ታሪክ አላቸው። ታሪካቸውም በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ከሰው በፊት የጀመረው የመሬቱ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው እንስሳውን ዐይቶ ስም ያወጣበት፥ የፈራበት፥ መኖሪያውን የጠበቀበት ወይም ያፈረሰበት ታሪክ ነው። በዚህ አጭር ጥናት የምትመረመረው በጋሞ ተራሮች ደጋ የምትኖር፥ ብዙ ሰው የሚያያት፥ ጥቂት ሰው ግን የጻፈላት አንዲት የእንሽላሊት ወገን ናት፤ ይህችውም የደጋ እስስት ናት።

የጽሑፉ ዋና አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የዚህች እንስሳ ስም የተጻፈው በአውሮፓ ቤተ መዘክር ውስጥ ነው፤ መኖሪያዋን የጠበቀው ግን የጋሞ ገበሬ የመሬት ሥርዐት ነው። የመጀመሪያው ሥራ በመጽሐፍ ተመዝግቦ ለባለቤቶቹ ምስጋና አትርፎላቸዋል። ሁለተኛው ሥራ ከእስስቷ ስም ጋራ ተያይዞ ሲነሣ አይሰማም፤ ዛሬ እየተዳከመ ያለው ግን እርሱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

፩. እንስሳይቱና መኖሪያዋ

እስስት በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ መልካም ስም የላትም። በኦሪት ዘሌዋውያን 11ኛው ምዕራፍ ከርኩሳን ተንቀሳቃሾች ጋራ ተቈጥራለች። በዕለታዊ ንግግርም ቃሉን የሚለዋውጥና ወዳጅነቱ የማይጸና ሰው በእርሷ ይመሰላል። ስለዚህ ስሟ የታወቀው በተፈጥሮዋ ሳይሆን በምሳሌነቷ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ተፈጥሮዋን በቀረበ መንገድ ስንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። እስስት ሁለት ዐይኖቿን ለየብቻ ታዞራለች፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ሊያይ ይችላል። አምስቱ የእግር ጣቶቿ በሁለትና በሦስት ተከፍለው እንደ ጕጠት ቅርንጫፍ ይይዛሉ። ምላሷ ከአፏ በፍጥነት ተወርውሮ ነፍሳትን ያጠምዳል። ቀለሟን የምትለውጠው ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የቆመችበትን ነገር ለመምሰል ብቻ አይደለም፤ ከሌላ እስስት ጋራ ስትገናኝ ቍጣዋን ወይም ፈቃደኛነቷን ለማሳየት፥ በብርድም ጊዜ ጠቈር ብላ የፀሐይን ሙቀት ለመቀበል ነው። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በማዳጋስካር እስስት ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ከቆዳዋ ሥር ያሉ በጣም ጥቃቅን የብርሌ መሳይ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲራራቁና ሲቀራረቡ የብርሃኑን ቀለም እንደሚለውጡ አሳይተዋል።

የደጋዋ እስስት በሳይንስ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ትባላለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ርዝመቷ ጅራቷን ጨምሮ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም። የምትኖረውም በቍጥቋጦ፥ በአጥር ተክልና በጓሮ አትክልት መካከል ነው። ከቆላዎቹ እስስቶች በግልጽ የምትለይበት አንድ ጠባይ አላት። እነዚያ እንቍላላቸውን በመሬት ጕድጓድ ቀብረው ይሄዳሉ፤ እርሷ ግን ልጆቿን በሆዷ አሳድጋ ሕያው አድርጋ ትወልዳለች። የዚህም ምክንያት ብርዱ ነው። በደጋ አፈር የተቀበረ እንቍላል ሙቀት አጥቶ ሊቀር ይችላል፤ እናቲቱ ግን ቀን ቀን ወደ ፀሐይ እየወጣች በራሷ አካል ጽንሷን ታሞቃለች። እንግዲህ ይህች እንስሳ በተራራ ላይ በእንግድነት የተቀመጠች አይደለችም፤ ተራራው ራሱ የአወላለዷን ሥርዐት ወስኖላታል።

የጋሞ ተራሮች ለዚህ ዐይነት ኑሮ የተመቹ ናቸው። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር ብዙ በማይርቅ ከፍታ ተኝተዋል። አርባ ምንጭ ከተማ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የሚወጣ ሰው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ጨንቻ ይደርሳል። የጉጌ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፥ የግማሽ ቀን ጕዞ መንገደኛውን ከሙዝና ከማንጎ አገር ወደ ገብስና ወደ ቀርከሃ አገር ያደርሰዋል። ለሰው ይህ መንገድ ነው፤ ለደጋ እስስት ግን ቆላው የማይሻገሩት ባሕር ነው።

፪. ስሟ እንዴት ተጻፈ

የፍራንክፉርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምጽዋ ደርሶ በትግራይና በሰሜን ተራሮች በኩል ወደ ጎንደር ዘለቀ፤ እስከ 1833ም ድረስ በአገሩ ውስጥ ቈየ። ዘመኑ በታሪካችን ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ነው። ሩፔል ከዚህ የሰበሰባቸውን አዕዋፍ፥ አራዊትና ተሳቢ እንስሳት በ1817 በከተማው ለተቋቋመው ለዜንከንበርግ ማኅበር ቤተ መዘክር አስረከበ። በ1845 ባሳተመውም ዝርዝር ውስጥ የደጋዋን እስስት «አፊኒስ» ብሎ ሰየማት።

ይህ የላቲን ቃል «ዘመድ» ወይም «ተቀራራቢ» ማለት ነው። ስሙ ቀደም ሲል ከታወቀ ሌላ እስስት ጋራ መመሳሰሏን እንጂ የራሷን ጠባይ፥ ያገሯን ስም ወይም የሚኖሩባትን ሰዎች አያመለክትም። ከዚህም ሌላ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዛሬ የምትመደብበት ወገን ትሪዮሴሮስ ይባላል፤ ትርጓሜውም «ባለ ሦስት ቀንድ» ነው። በ2009 ሊቃውንት ይህን ወገን ከሌሎቹ እስስቶች ለይተው ለብቻው ሲያቆሙት የደጋዋ እስስት አብራ ገባች፤ እርሷ ግን አንድም ቀንድ የላትም። ስለዚህ ሙሉ ስሟ ቃል በቃል ቢተረጐም «ባለ ሦስት ቀንዷ ዘመድ» ይሆናል፤ ቀንዱም የሌላ ነው፤ ዝምድናውም ከሌላ ጋራ ነው።

ይህን የምናነሣው በሩፔል ሥራ ለመሳለቅ አይደለም። በዚያ አስቸጋሪ ዘመን ያን ያህል ሰብስቦ በጥንቃቄ መመዝገቡ ሊመሰገን የሚገባው ነው። የሥራው ጠባይ ግን መታወቅ አለበት። በዚያን ጊዜ ልማድ ለአንድ እንስሳ መገኛ «ሐበሻ» የሚል አንድ ቃል ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር። ከዚህም በላይ በአልኮል ማሰሮ ውስጥ የገባች እስስት ቀለሟን ታጣለች፤ ሊቁ የሚመረምረው ቅርፊቷን፥ የራሷን ቅርጽና የአጥንቷን መጠን ነው። በአገራችን ሕዝብ ዘንድ በቀለሟ ብቻ የታወቀችው እንስሳ በቤተ መዘክር ውስጥ ያለ ቀለም ታወቀች ማለት ነው። ሁለቱም ዕውቀት ግማሽ ነው።

ለጋሞ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይህ ነው፦ ሩፔል ወደ ደቡብ አልወረደም። ስሙ የቆመው ከሰሜኑ ክፍል በሄደው ስብስብ ላይ ነው። የጋሞ ደጋ እስስት በዚያ ስም የምትጠራው በውሰት ነው።

፫. መንገደኞቹና ተራራው

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአውሮፓና የአሜሪካ መንገደኞች ከሶማሌ ጠረፍ እየተነሡ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ይመጡ ጀመር። ከእነርሱም መካከል በዝሆን ተገድሎ በ1893 የሞተው ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊና ከ1894 እስከ 1895 የተጓዘው አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ይገኛሉ። የሁለቱም ስም ለጌኮ ወገኖች ተሰጥቶ ዛሬ በእንሽላሊት መዝገብ ውስጥ ይነበባል።

ከሁሉ የታወቀው ግን የሻምበል ቪቶርዮ ቦቴጎ ጕዞ ነው። ቦቴጎ በ1895 ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ በ1896 አባያ ሐይቅ ደረሰ፤ ሐይቁንም በጣሊያን ንግሥት ስም «ንግሥት ማርገሪታ» ብሎ ጠራው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የጣሊያን ጦር ዐድዋ ላይ ድል ሆኖ ነበር። ጕዞው የሳይንስ ጕዞ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል፤ የእንስሳት ስብስብና የግዛት ምኞት በአንድ ጓዝ ተጭነው ይሄዱ ነበር። ከባልደረቦቹ አንዱ ማውሪትስዮ ሳኪ በ1897 ወደ ኋላ ሲመለስ በአባያ አካባቢ ተገደለ። ቦቴጎም በዚያው ዓመት በምዕራብ ወለጋ ሞተ። የሰበሰባቸውን ተሳቢ እንስሳት ጆርጅ ቡላንዤ የተባለው የለንደን ቤተ መዘክር ሊቅ መርምሮ የመጨረሻውን መግለጫ በ1898 በጄኖቫ አሳተመ። የመግለጫው ርእስ የሶማሌን አገርና የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካን ይጠራል፤ ተራሮቻችን በርእሱ ውስጥ የሉም።

ቀጥሎ ጀርመኖቹ ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን መጡ። ኖይማን በአባያ በኩል አልፎ በካፋ መንገድ በ1901 ወደ ሱዳን ወጣ። የሁለቱን የዔሊና የእንሽላሊት ስብስብ ጉስታቭ ቶርኒር በ1905 ጻፈው።

እነዚህን ጕዞዎች አንድ ላይ ስንመለከታቸው የጋራ ጠባያቸው ይገለጻል። መንገደኛው ውሃና ገበያ ባለበት፥ ግመልና በቅሎ በሚሄድበት መስመር ይጓዛል። የሚሰበስበውም ከመስመሩ ግራና ቀኝ የተገኘውን ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን የእንስሳት መዝገብ የአገሩ መልክ ሙሉ ሥዕል ሳይሆን የቅፍለቱ መንገድ ጥላ ነው። ሐይቆቹ ከእነ ስማቸው በካርታ ሲሰፍሩ ተራራው ከሐይቁ ዳር ሆኖ የሚታይ ሰማያዊ ግድግዳ ሆኖ ቀረ።

ወደ ጋሞ ከፍታ ራሱን አስቦ የመጣ ሊቅ ለማግኘት እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መጠበቅ ነበረበት። እርሱም እንግሊዛዊው የነፍሳት ጥናት ሊቅ ሂዩ ስኮት ነው። ስኮት ከ1948 እስከ 1949 ባደረገው ጕዞ በጉጌ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ጥናት አካሄደ፤ ውጤቱንም በ1952 በለንደኑ የሊኒየን ማኅበር መጽሔት ላይ በሰፊው አወጣ። በዚያው ዓመት ተመልሶ መጥቶ እስከ 1953 በሰሜን ተራሮች ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። የስኮት ጥያቄ ከቀደሙት የተለየ ነበር። «በዚህ አገር ምን ምን ይገኛል?» ማለቱን ትቶ «በአንዱ ተራራ ራስ ላይ ያለው ፍጥረት ከሌላው ተራራ ፍጥረት ጋራ ምን ዝምድና አለው?» ብሎ ጠየቀ። ሩፔል ያለፈባቸውን የሰሜን ተራሮችና የጋሞን ጉጌ በአንድ ጥያቄ ሥር ያቆማቸው በዚህ መንገድ ነው። የስኮት ሙያ ነፍሳት ስለ ነበሩ ከተራራው የሰበሰበው በይበልጥ የእስስቷን ምግብ እንጂ እስስቷን አልነበረም። ጥያቄው ግን ለእርሷም የሚገባ ጥያቄ ነው።

፬. አንድ ስም ወደ ብዙ ሲከፈል

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የስኮትን አሳብ የሚያጠነክር ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማልኮም ላርገን በ1995 ከባሌ ሐረና ደን አንዲት አዲስ እስስት ገልጾ በደኑ ስም ሰየማት። በ1998 ኮሊን ቲልቤሪ ከዚያው ከባሌ ወገን ሁለት ቀንድ ያላትን ሌላ እስስት አስታወቀ። ላርገንና እስቲቨን ስፖልስ በ2006 የኢትዮጵያን እንሽላሊቶች ዝርዝር፥ በ2010 ደግሞ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ተሳቢ እንስሳትና እንቍራሪቶች ትልቅ መጽሐፍ አወጡ።

በ2021 የሆነው ነገር ግን በቀጥታ የኛን ርእስ የሚነካ ነው። በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ክፍል የምትኖር እስስት፥ በጀርባዋና በጅራቷ ላይ በተሰለፉት ጕልህ እሾህ መሳይ ቅርፊቶች ተለይታ፥ በአንድ ጀርመናዊ ሊቅ ስም ትሪዮሴሮስ ቮልፍጋንግበሚ ተባለች። አፊኒስ የሚለው ስም በውስጡ ከአንድ የበለጠ ዘር ሳይሸፍን እንዳልቀረ ይህ ያስረዳል።

ለምን እንዲህ ይሆናል ቢባል መልሱ በመሬቱ ታሪክ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ከፍታ በስምጥ ሸለቆ ለሁለት ተከፍሏል። ባሌ በምሥራቅ ወገን፥ ጋሞ በምዕራብ ወገን ይገኛል። በብርዱ ዘመን የባሌ ተራሮች ራስ በበረዶ ግግር ሲሸፈን የደጋው ዕፅዋት ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ሙቀት ሲመለስ ደግሞ ወደ ላይ ሸሸ። በዚህ መውጣትና መውረድ የደጋ እንስሳት አንዳንድ ጊዜ ተገናኙ፥ አንዳንድ ጊዜ ተለያዩ። በ2014 በኢትዮጵያ እንቍራሪቶች ላይ የወጣ የዘር ጥናት ስምጥ ሸለቆው በመለያየታቸው ውስጥ ያለውን ድርሻ አሳይቷል። እንቍራሪት ያልተሻገረችውን ሸለቆ፥ ብርድ የለመደችና በዝግታ የምትራመድ እስስት በቀላሉ ተሻግራ ዘሯን ታዋሕዳለች ብሎ መገመት ያስቸግራል። በጋሞ ላይ ያለው ጥያቄ እንግዲህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ከጨንቻ፥ ከሰሜንና ከባሌ የሚገኙትን እስስቶች ጐን ለጐን አቁሞ ማመዛዘን፥ «ዘመድ» የተባለችው የማን ዘመድ እንደ ሆነች ማወቅ ማለት ነው።

አንድ መዝገብ ምን ያህል በጥቂት ነገር ላይ ሊቆም እንደሚችል ለማሳየት ከዚያው ከአርባ ምንጭ አጠገብ የተገኘ ምሳሌ አለ። በ1990 በነጭ ሣር ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች አንዲት የሌሊት ወፍ ዘር ያልሆነች፥ በሌሊት የምትበር እውነተኛ ወፍ ተገኘች፤ ሊወሰድ የቻለው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። በ1995 ሊቃውንቱ በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዘር መሆኗን ገልጸው ስሟንም «ብቸኛ ክንፍ» በሚል ትርጓሜ አወጡላት። ክንፉ ባይነሣ ኖሮ የነጭ ሣር ወፍ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ባልኖረች ነበር። በሜዳው ላይ ግን ትኖር ነበር። የመዝገብ መኖርና የፍጥረት መኖር አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

፭. መኖሪያዋን የጠበቀው ሥርዐት

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንመለስ። ሊቃውንቱ መጥተው እስኪሄዱ ድረስ፥ ከዚያም በፊት ለብዙ ትውልድ፥ በጋሞ ደጋ ላይ ቍጥቋጦውንና ዛፉን ማን ጠበቀው?

የጋሞ ደጋ ባዶ ጫካ አይደለም። ሕዝብ ተጠጋግቶ የሰፈረበት፥ እየታረሰ የኖረ አገር ነው። ገበሬው በቤቱ ዙሪያ እንሰት ይተክላል፤ እንሰቱንም በከብቱ ፍግ ያለማዋል። ከዚያ ውጪ ገብሱና ስንዴው አለ። ከዚያም የጋራ ግጦሹ፥ የቀርከሃው ተክልና የዱቡሻው፥ ማለት የሸንጎው ሜዳ ይከተላል። እንሰት ለዓመታት ቆሞ የሚያድግ ተክል በመሆኑ ጥላውና እርጥበቱ በየዓመቱ ታጭዶ አይጠፋም። አጥሩም በአብዛኛው ሕያው ተክል ነው። እንግዲህ በቍጥቋጦና በጓሮ ለምትኖር እንስሳ የጋሞ መንደር ራሱ መኖሪያ እንጂ ጠላት አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የሚነሣው ግን የተከበረው ደን ነው። በጋሞ ደጋ በየዴሬው ለአምልኮ፥ ለመቃብር ወይም ለሽማግሎች ጉባኤ የተለዩ ደኖች ይገኛሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ነገር ግን በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ታርሶ ሳለ የጥንቱን ዛፍ ይዘው ቆመዋል። የጠበቃቸው አጥር ወይም ዘብ አይደለም፤ ጎሜ የሚባለው ሕግ ነው። ጎሜ ማለት የተከለከለውን መተላለፍ ነው፤ ውጤቱም በአጥፊው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ዝናቡን፥ ከብቱን፥ የሴቶቹን መውለድና የአገሩን ደኅንነት ሁሉ ያውካል ተብሎ ይታመናል። ዲና ፍሪማን ስለ ዶኮ ሕዝብ በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሥርዐት በሰፊው ገልጻዋለች። በተከበረው ደን ዛፍ የሚቈርጥ ሰው የጎረቤቱን ዝናብ እንደ ነካ ይቈጠራል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ይህ ሥርዐት የተሠራው ለእስስት ታስቦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የተሠራው ለሰው፥ ለአባቶችና ለምድሪቱ ሰላም ነው። ነገር ግን በታሪክ ውስጥ ብዙ መልካም ነገር ያልታሰበለትን ሰው እንደሚጠቅም ሁሉ፥ ይህም ያልታሰበላትን እንስሳ ጠቅሟል። በአንድ ደንና በሌላው ደን መካከል ያለው የእንሰት ጓሮና የሕያው አጥር ሰንሰለት በዝግታ ለምትሄድ ፍጥረት ድልድይ ነው። የዚህ ድልድይ ሠሪዎች ስማቸው በየትኛውም የእንስሳት ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

፮. ለውጡ

ሥርዐቱ በአንድ ጊዜ አልተዳከመም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አገሩን ሲያስገብር የመሬቱ ባለቤትነትና የግብሩ ነገር ተለወጠ። የአስተዳደሩ መቀመጫ ጨንቻ ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወርዶ በአርባ ምንጭ ተቈረቈረ። ከተማው በቆላው ሲያድግ የተመራማሪውም ዐይን አብሮት ወረደ፤ አዞው፥ ዓሣው፥ የነጭ ሣር የሜዳ አህያና የምንጮቹ ደን ብዙ ጥናት ሳቡ። ተራራው ግን ከከተማው ጎዳና ሆኖ እየታየ ከጥናቱ ራቀ።

የ1975 የመሬት ዐዋጅ ጭሰኛውን ነፃ አወጣ፤ ይህ በታሪክ የማይካድ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ዘመን ግን የአባቶች ሥርዐት እንደ ኋላ ቀር ልማድ ታየ፤ የሀላቆችና የሽማግሎች ሥልጣን ቀነሰ። ከዚያም ወዲህ አዲስ እምነት በተስፋፋበት ስፍራ የጎሜ ፍርሀት ላልቷል። በዚህ ላይ የሕዝቡ ቍጥር ጨምሯል፤ የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ መሬት ጠቧል። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያመጣል፤ የጨንቻ ፖምም እንደዚሁ። ከእርሻ ለሚኖር ሰው ይህን አታድርግ ማለት አይቻልም፤ ልጁን የሚያስተምረው በዚሁ ነው። ሆኖም የተከበረ ደን በአንድ ወገን ሲሸራረፍ፥ ሕያው አጥርም በሽቦ ሲለወጥ፥ ድልድዩ በየስፍራው ይበጠሳል።

በዚህ ላይ የአየሩ መሞቅ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። በሜዳ የሚኖር እንስሳ ሲሞቀው ወደ ሌላ ሜዳ ሊሄድ ይችላል። የደጋ እንስሳ ግን መሸሻው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ተራራም ወደ ላይ በሄደ ቍጥር ይጠብባል፤ ከጫፉም በኋላ መሄጃ የለም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የደጋዋን እስስት ብዙ ከማያሳስቡት መካከል ቈጥሯታል። ይህ ፍርድ ግን የተሰጠው አፊኒስ የሚለው ሰፊ ስም በሙሉ አንድ ዘር ነው በሚል መነሻ ነው። ስሙ ወደፊት በተራራ በተራራ ቢከፈል፥ ሰፊው አገር ለብዙዎች ይካፈላል፤ የእያንዳንዷም ድርሻ አንድ ተራራ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ የጋሞዋ እስስት ዕድል በጋሞ ደኖች ዕድል ላይ ብቻ ይቆማል።

፯. ከተማሪ የሚጠበቅ ሥራ

ቦቴጎ «ንግሥት ማርገሪታ» ያለው ሐይቅ ዛሬ አባያ ነው፤ የአገሩ ሰው የጠራበት ስም አሸንፏል። የሳይንስ ስም ግን እንደዚህ አይለወጥም፤ ሕጉ የመጀመሪያውን ስም ያጸናል። ስለዚህ የኛ ሥራ ስም መቀማት ሳይሆን ስሙ የተወውን መሙላት ነው።

ለዚህም በአገራችን መነሻ የሚሆን ልማድ አለ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተማሪዎች በሕዝብ ባህል ጥናት ማኅበራቸው አማካይነት ከየትውልድ አገራቸው የሽማግሎችን ቃል፥ የጋብቻውንና የለቅሶውን ሥርዐት እየጻፉ በመጽሔት አውጥተዋል። ያ ሥራ ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ጆሮ፥ ወረቀትና ትዕግሥት ነበር። አርባ ምንጭ ዛሬ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ከ2019 ጀምሮ የጋሞ ዞን፥ በ2023 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቁሟል። ከየዴሬው የመጡ ተማሪዎችም በየክፍሉ ተቀምጠዋል። በበዓልና በክረምት ዕረፍት ወደ ቤቱ የሚወጣ የጋሞ ልጅ፥ ኖይማን በብዙ በቅሎ ከደረሰበት ስፍራ ይልቅ ወደ ተራራው ቀርቦ ያድራል።

የሚመዘገበውም ግልጽ ነው። እስስቷ የታየችበት ቀን፥ ስፍራና ከፍታ፤ የተቀመጠችበት ተክል፤ ልጆች የወለደችበት ወር፤ በአቅራቢያው ያለው የተከበረ ደን ስምና ደኑን በተመለከተ ሽማግሎች የሚናገሩት ሕግ ይጻፍ። እንስሳይቱን መግደል አያስፈልግም። ፎቶግራፍ ቀለሟን ይጠብቃል፤ አልኮል ግን ያጠፋዋል። ኢትዮጵያም የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቈጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1989 ተቀብላለች፤ የደጋ እስስትም ከሚጠበቁት ወገን ናት። ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ የደኑ ሕግ፥ ሥነ ሕይወት ለሚያጠና የእስስቷ አካል ይቀርበዋል፤ ሁለቱ በአንድ ደብተር ላይ ካልተጻፉ ግን እያንዳንዳቸው እንደገና ግማሽ ሆነው ይቀራሉ።

በዚያ ደብተር የመጀመሪያ መስመር ላይ መግባት የሚገባው አፊኒስ የሚለው ቃል አይደለም። መጀመሪያ የሚጻፈው የዴሬው ሽማግሎች በራሳቸው ቋንቋ እስስቷን የሚጠሩበት ስም፥ ከጐኑም የደኑ ስም ነው። የላቲኑ ስም ከ1845 ጀምሮ በፍራንክፉርት በደኅና ተቀምጧል፤ ሽማግሎቹ ግን በየዓመቱ ያልፋሉ።